ሚስቴን የጠራት ዝይ

እኔ እንዲህ ያለ ወሬ ሲጀመር ተነስቼ ሻይ የምቀዳ ሰው ነኝ። ጓደኞቻችን ተሰብስበው አንዱ ስለሞተ አጎቱ ድምፅ፣ ሌላው ስለ ዛር ማውራት ሲጀምር «ማን አየው? የታለ ማስረጃው?» ብዬ ጨዋታ የማበላሸው እኔ ነኝ፣ ሥራዬም መሰለኝ እንደዚህ ያደረገኝ፣ ኦስሎ ውስጥ በአንድ ሆስፒታል የራጅ ባለሙያ ነኝ፣ አጥንት ከተሰበረ ይታያል፣ ካልተሰበረ አይታይም፣ በቃ። ስለዚህ እመነኝ ብዬ አልለምንህም፣ እኔም አንተን ብሆን አላምንም ነበር። ዝም ብለህ ስማኝና ስጨርስ የፈለግከውን በል።

አንድ ነገር ግን ከመጀመሪያው ልንገርህ፣ ቀናተኛ ነኝ። ሰው «ትንሽ ትንሽ እቀናለሁ» ይላል፣ የኔ ትንሽ አይደለም፣ ሚስቴ ማህሌት ቴባነው ላይ፣ የከተማው ባቡር ላይ ማለቴ ነው፣ ለአንድ መንገደኛ መውረጃውን ብታሳየው፣ ያን ሁሉ ሰው ትቶ ለምን እሷን ጠየቀ ብዬ እስከ ሄልስፊር ድረስ ሲከነክነኝ የምሄድ ሰው ነኝ። እሷ ትስቅብኛለች፣ «ሰውየው እኮ ሽማግሌ ነው» ትለኛለች፣ ሽማግሌ አይን የለውም እንዴ? እንግዲህ ለእንዲህ ያለ ሰው ፈጣሪ ምን ዓይነት ሚስት ሰጠው መሰለህ፣ በየዓመቱ ግንቦት ሲገባ ሻንጣዋን ሸክፋ፣ ካርታው ሊያልቅ ሲል ወዳለ ስቫልባርድ የሚባል የበረዶ ደሴት፣ ዝይ ልትቆጥር የምትሄድ ሚስት።

ሚሊኒየሙን ያከበርንበት ዓመት ነበር። የምንኖረው ሃውገሩድ የሚባል ሰፈር ነው፣ ከባቡር ጣቢያው ወጣ ስትል ባሉት ብሎኮች ባንዱ፣ አራተኛ ፎቅ። ማህሌት ለዶክትሬቷ የምታጠናው የበረዶው ቀድሞ ወይም ዘግይቶ መቅለጥ የዝዮቹን ወሊድ ምን እንደሚያደርገው ነው፣ ሳልፈልግ እኔም በቃሌ ይዤዋለሁ፣ ዝዮቹ ብርዱን ደቡብ ሀገር ሲግጡ ከርመው ይሰባሉ፣ ያንን ስብ ተሸክመው ወደ ሰሜን ይበራሉ፣ ሲደርሱ መሬቱ ከበረዶ ከወጣ ሴቷ ሳትውል ሳታድር ጎጆዋን ሠርታ እንቁላሏን ትጥላለች፣ ካልወጣ ግን ቆማ ትጠብቃለች፣ እሷ ያገኘችውን ስትለቅም ወንዱ አጠገቧ አንገቱን ቀጥ አድርጎ ይቆማል፣ እሱ እምብዛም አይበላም፣ ማንም ወደሷ እንዳይጠጋ ይጠብቃል። ማህሌት ይህን ስታወራ ፊቷ ይበራል። እኔ ስለ ሥራዬ ሳወራ ፊቷ አይበራም።

ከነዚያ ሁሉ መሃል ደግሞ አንድ ወዳጅ ነበራት። ዝዮቹን ለመለየት አንገታቸው ላይ ቁጥር ያለው ሰማያዊ የፕላስቲክ ቀለበት ያደርጉላቸዋል፣ የዚያኛው ቁጥር ሠላሳ አንድ ነበር፣ እሷ ግን «አባወራው» ነበር የምትለው፣ እንደሱ ሚስቱን የሚጠብቅ የለም አለችኝ። ፎቶውን አምጥታ ፍሪጃችን ላይ ለጠፈችው፣ የሰርጋችንን ፎቶ ወደ ጎን ገፋ አድርጋ። «እሱ አባወራ ከሆነ እዚህ ቤት እኔ ማን ነኝ?» አልኳት። «አንተማ ቀናተኛው ነህ» ብላ ጉንጬን ቆነጠጠችኝ፣ ነገሩ በዚያው አለፈ፣ ፎቶው ግን ከፍሪጁ አልወረደም፣ ወተት ባወጣሁ ቁጥር አንገቱን ቀጥ አድርጎ ያየኛል።

ሰው ሁሉ የሚያስጠነቅቀኝ ስለ ኦይስታይን ነበር፣ አብሯት ስለሚሠራው ኖርዌያዊ፣ ሁለቱ ብቻቸውን እዚያ ሂተ በሚሏት የእንጨት ጎጆ ውስጥ ሳምንታት ይቀመጣሉ፣ «አንተ ትተኛለህ እንዴ?» ይሉኛል። በእርግጥ አልተኛም ነበር፣ ግን ሰውየውን አንዴ እራት ጠርቼው፣ ምሽቱን ሙሉ ስለ ዝይ ኩስ ሲያወራ ሰምቼ፣ ከዚያ ወዲህ ልቤ አርፏል። እኔን የሚበላኝ ሌላ ነገር ነበር። ብነግርህ ትስቅ ይሆናል።

አዲስ አበባ እጮኛሞች ሳለን፣ «ማህሌትዬ» ብዬ ስጠራት «ወዬ» ትለኝ ነበር። አቤት አይደለም፣ ምን አይደለም፣ ወዬ፣ ትንሽ ሳብ አድርጋ፣ ያንን ቃል ለመስማት ስል ያለ ጉዳይ እጠራት ነበር። ኦስሎ ከመጣን በኋላ መቼ እንደተቀየረ አላውቅም፣ ስጠራት ከኮምፒውተሯ ቀና ሳትል «ያ?» ትለኛለች፣ እንደ ኖርዌዮቹ። ያ? እንደ ሱቅ ሠራተኛ። እኔም ማህሌትዬ ማለቱን ተውኩት፣ ለማን ብዬ?

በዚያ ዓመት ደግሞ ከመሄዷ በፊት ከሰሜን ሥራ ቀረበላት። «ፋስት ዮብ ነው እኮ ቤኪ፣ ቋሚ» አለችኝ፣ «ዓመቱን ሙሉ እዚያው ነው የምሆነው። ስመለስ መልስ እሰጣቸዋለሁ።» እኔስ ብላት «አንተም እዚያ ሥራ አታጣም» አለች፣ ግን እንደዚያ ስትል አላየችኝም። እኔ የሆስፒታል ሥራዬን ትቼ የትም እንደማልሄድ ታውቃለች። አየር ማረፊያ ሸኝቻት ስመለስ ከዚህች ሴት ጋር የመጨረሻው ዓመቴ ነው እያልኩ ነበር።

ከደሴቱ የምትደውለው በሳተላይት ስልክ ነው፣ ቅዳሜ ቅዳሜ፣ ለትንሽ ደቂቃ። እኔ መልሼ ልደውልላት አልችልም።

«በረዶው ንቅንቅ አላለም» አለችኝ ሰኔ ሊገባ ሲል። «ዝዮቹ መጥተው ቆመዋል። መሬት የወጣው ከገደሉ ሥር ያለች ጠባብ ቦታ ብቻ ናት፣ ሁሉም እዚያ ተፋፍገዋል።»

«ካልቀለጠስ?»

«ካልቀለጠ ሴቷ እንቁላሉን ትመልሰዋለች።»

«የት ነው የምትመልሰው?»

«ሆዷ ውስጥ። ሰውነቷ መልሶ ይመጠዋል፣ በሱ ራሷን ታድናለች። የዘንድሮውን ትተወዋለች ማለት ነው።»

ትተወዋለች ያለችበት አነጋገር አልጣመኝም። ነገር ለመቀየር «አባወራሽስ ደህና ነው?» አልኩ፣ በሽሙጥ ነው።

«አልመጣም» አለችኝ፣ «ሚስቱ ብቻዋን ነው የመጣችው። የሚጠብቃት የለም፣ ሌሎቹ እየገፏት መብላት አልቻለችም» አለችና ድምጿ ተሰበረ። አለቀሰች። ለዝይ! እኔ ሮምሶስ ሰፈር በረዶ ላይ ወድቄ ክንዴ ሲሰበር የራሴን ራጅ እያየች የሳቀች ሴት፣ ለዝይ አለቀሰች። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ፎቶውን ከፍሪጁ ላይ አንስቼ ገልብጬ ለጠፍኩት፣ እመነኝ፣ ይህን ያህል ነበር የቀናሁት።

ድምፁን የሰማሁት ከዚያ በኋላ ባለው ሰኞ ማታ ነው፣ ማታ ስልህ ፀሐይዋ ገና አልገባችም፣ በዚያ ሰሞን ኦስሎ ቶሎ አይመሽም። ሳህን እያጠብኩ ነበር፣ ከታች ከብሎኩ ፊት ካለው ሣር ላይ አጭር ድምፅ መጣ፣ ሁለቴ፣ ቀጭንና ሻካራ፣ ከዚያ ዝም፣ ከዚያ እንደገና ሁለቴ። ዝይ ኦስሎ ውስጥ ብርቅ አይደለም፣ ሐይቅ ዳር ሁሉ ሞልቷል፣ ስለዚህ ከቁብም አልቆጠርኩት። ማክሰኞ ግን በዚያው ሰዓት መጣ። በረንዳ ወጥቼ ባይ አንድ ዝይ ብቻውን ሣሩ መሃል ቆሟል፣ አይግጥም፣ አይንቀሳቀስም፣ አንገቱን ቀጥ አድርጎ ወደ ላይ ያያል። ወደኔ መስሎኝ ነበር። አይደለም፣ ከኔ አጠገብ ያለውን መስኮት ነው የሚያየው፣ የመኝታ ቤታችንን።

ደረጃውን እንዴት እንደወረድኩት አላውቅም። ጠጋ ብዬ አየሁት፣ አንገቱ ላይ ሰማያዊ ቀለበት አለ። ሠላሳ አንድ።

እሺ፣ አሁን አንተም እንደኔ በል፣ ዓይኔ ነው በል፣ ሠላሳ ሰባት ነው በል፣ እኔም ብዬ ነበር፣ በስልኬ ፎቶ አነሳሁት፣ ያኔ በነበረው ስልክ ደግሞ እንኳን ዝይ ዝሆንም አይለይም፣ ግራጫ ነጠብጣብ ነው የወጣው። ወጥ ቤት ሮጬ ፎቶውን ገልብጬ አየሁት፣ መልሼ ወረድኩ፣ እሱው ነው፣ የመንቁሩ ጥቁር ምልክት ሳይቀር እሱው። ይህ ዘር በኦስሎ በኩል እንደማያልፍ ማህሌት ራሷ ካርታ ዘርግታ አሳይታኛለች። ታዲያ ምን ሊሠራ መጣ? ሚስቱ እዚያ እየተገፋች፣ እሱ የኔን ሚስት መስኮት የሚያየው በየት ሀገር ሕግ ነው?

«የለችም!» አልኩት። አዎ፣ ዝይ አናገርኩ። «እዚህ የለችም፣ ሂድ ወደ ቤትህ!» አንገቱን ዝቅ አድርጎ እንደ እባብ ተነፈሰብኝና እንደገና ቀና ብሎ መስኮቱን ማየት ጀመረ።

ምድር ቤት የሚኖሩት አደይ ለተብርሃን መስኮታቸውን ከፍተው አዩኝ። ጡረታ የወጡ ኤርትራዊት ናቸው፣ ብሎኩ ውስጥ የማያውቁት የለም፣ እኔን በትግርኛቸው «ወደይ»፣ ልጄ፣ ይሉኛል።

«ከማን ጋር ነው የምትጣላው ወደይ?»

«ከዚህ ዝይ ጋር ነው አደይ። ከመጣ ቆየ እንዴ?»

«ሦስት ቀን ይሆነዋል። ዳቦ ሰጠሁት፣ አልበላም አለ። ለኮሙኑ ደውልና ይውሰዱት፣ ግብር የምንከፍለው ለምንድን ነው?»

ኮሙኑ ጋ፣ ማዘጋጃ ቤቱ ጋ፣ ደወልኩ፣ የዱር ወፍ አንነካም፣ ራሱ ይሄዳል አሉኝ።

ሐሙስ ማታ ከሥራ ደክሞኝ ገባሁ፣ ሰማዩ ብርቱካንማ ሆኖ ነበር፣ ታች ልጆች ኳስ ይጫወታሉ፣ ምንም የሚያስፈራ ነገር የለም፣ ይህን ልብ በልልኝ። ዝዩን ስገባ አላየሁትም፣ ተገላገልኩ ብዬ ወጥ ቤት ቁጭ ብዬ ፓስታ እበላለሁ። ያው ድምፅ መጣ፣ ሁለቴ። ከታች ግን አይደለም፣ ቅርብ ነው፣ ከግድግዳው ወዲያ ያለ ያህል ቅርብ። ሹካዬን እንደያዝኩ ቀረሁ።

ከመኝታ ቤቱ ማህሌት «ወዬ» አለች።

ስማኝ፣ ማህሌት ደሴት ላይ ናት፣ ከኔ እስከሷ ያለውን መንገድ አውሮፕላንም በአንድ ትንፋሽ አይጨርሰውም። ድምፁ ግን የሷ ነው፣ ያውም ያ የድሮው፣ ትንሽ ሳብ ያለው፣ እኔ ስንት ዓመት የተከለከልኩት። እንደገና ጮኸ፣ ሁለቴ። እንደገና «ወዬ» አለች፣ በዚህኛው ረዘም አድርጋ፣ ልትነሳ እንደሆነች ሴት።

ሌላ ሰው ቢሆን ያማትብ ነበር። እኔ ላይ መጀመሪያ የመጣብኝ ምን እንደሆነ ልንገርህ? ቅናት። ደሜ ፈላ። ለሱ ወዬ፣ ለኔ ያ! መጥረጊያዬን አንስቼ፣ እውነቴን ነው፣ መጥረጊያ ይዤ፣ የመኝታ ቤቱን በር በርግጄ ገባሁ።

ማንም የለም። መስኮቱ ዝግ ነው፣ መጋረጃው አይንቀሳቀስም። እንደገባሁ ግን አስነጠሰኝ፣ እንደገና አስነጠሰኝ፣ ዓይኔ እንባ ሞላ። እኔ ላባ ያስነጥሰኛል፣ በዚህ ምክንያት ቤታችን ውስጥ የላባ ትራስም ብርድ ልብስም ኖሮ አያውቅም፣ ሁሉም ስፖንጅ ነው። አልጋው ላይ በማህሌት በኩል አንሶላው ተጎድጉዷል፣ ክብ ሆኖ፣ የሆነ ነገር ሲታቀፍበት የዋለ ይመስል፣ ጉድጓዱ ውስጥ ደግሞ ለስላሳ ግራጫ ላባ፣ ሴት ዝይ ለጎጆዋ ከደረቷ የምትነጨው ዓይነት። እጄን አስገባሁ። ሙቅ ነበር።

ከዚያ በኋላ ነው የፈራሁት። ሳሎን ሶፋ ላይ መብራት አብርቼ ተቀመጥኩ፣ እስኪነጋ አልተንቀሳቀስኩም፣ ሲነጋ ላባውን ሰብስቤ በፌስታል ቋጥሬ ጣልኩት፣ አሁን ሳስበው ለምን ጣልኩት እላለሁ፣ የማስረጃ ሰው ነኝ ባዩ እኔ።

ለሥራ ስወርድ አደይ ለተብርሃን ቆሻሻ ሊጥሉ ወጥተዋል።

«ማህሌት መጣች እንዴ? እንኳን ደስ አለህ» አሉኝ።

«አልመጣችም አደይ።»

«እንዴት አልመጣችም? ትናንት ስትመልስ ሰማኋት፣ መስኮቴ ክፍት ነበር፣ ‹ወዬ፣ ወዬ› ስትል።» ወደኔ ጠጋ ብለው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «የጠራት ግን ማነው? ‹ማህሌትዬ› የሚላት፣ ወንድ ነው። ያንተን ድምፅ አውቀዋለሁ፣ ያንተ አልነበረም። ነገር ልሠራ አይደለም ወደይ፣ ሰው ቤት እንግዳ ካለ ብዬ ነው።»

ገባህ? እኔ የሰማሁት የዝይ ጩኸት ነው። እሳቸው የሰሙት ወንድ ነው። ማህሌትዬ የሚል ወንድ! ያንን አጠራር ከኔ ሌላ የሚያውቀው ሰው የለም፣ ኦስሎ ውስጥማ ጭራሽ። ያን ቀን የሰዉን ራጅ እንዴት እንዳነሳሁ እግዜር ይወቀው።

ቅዳሜ ስልኩ ገና ሲጮህ አነሳሁት።

«ቤኪ፣ ልሞት ነበር» አለችኝ፣ እየሳቀችም እያለቀሰችም። «ሐሙስ ማታ ከመቁጠሪያው ቦታ ብቻዬን ስመለስ ጉም ወረደብኝ፣ እጄን እንኳ ማየት አልቻልኩም። ኦይስታይን በሌላ በኩል ሄዶ ይፈልገኛል፣ አልሰማሁትም። ደክሞኝ በረዶው ላይ ተቀመጥኩ። እንቅልፍ ይዞኝ ሊሄድ ሲል ስሜ ተጠራ።»

«ማን ጠራሽ?» አልኳት።

«‹ማህሌትዬ› አለኝ፣ በአማርኛ። ወዬ አልኩና ተነሳሁ። ይጠራኛል፣ ወዬ እላለሁ፣ ወደ ድምፁ እሄዳለሁ፣ እንደዚያ ሲል ሂተው በር ላይ አደረሰኝ። በማግስቱ ደግሞ ምን ሆነ መሰለህ፣ አባወራው መጣ! ከስቶ፣ ክንፉ ተጎሳቁሎ፣ ሄዶ ሚስቱ አጠገብ ቆመ። ገፊዎቿን ሁሉ አባረረላት። በረዶውም መቅለጥ ጀምሯል፣ ዘግይታም ቢሆን ጥቂት ትጥል ይሆናል።» ከዚያ ድምጿ ዝግ አለ። «ቤኪ፣ አንተ ነህ አይደል የጠራኸኝ?»

የዚያን ጊዜ ምን ትል ነበር አንተ? ሣሩ ላይ የቆመውን ልንገራት? መስኮቷን ሲያይ የከረመውን፣ አልጋችን ላይ ያገኘሁትን? ብነግራት ፊቷ እንዴት እንደሚበራ ታየኝ። በስልክም ታየኝ።

«ታዲያ ማን ይጠራሻል?» አልኳት።

የሰሜኑን ሥራ ሳትወስደው ቀረች። «በጠፋሁበት ሰዓት የሰማሁት ያንተን ድምፅ ከሆነ ምን ላደርግ ነው እዚያ የምኖረው?» አለችኝ፣ አየር ማረፊያ አቅፋኝ፣ እኔም አቀፍኳት፣ ደስ ብሎኛል፣ ለምን እዋሻለሁ፣ በጣም ነው ደስ ያለኝ። ከዚያች ቀን ጀምሮ ግን ያልጠራሁትን ጥሪ ተሸክሜ እኖራለሁ። ባል ነኝ፣ ቤቴ ሙሉ ነው፣ ሚስቴን ያቆየልኝ ግን ሌላ ነው። ፎቶው ፍሪጁ ላይ ፊቱ ወደኛ ተመልሷል፣ የማነሳበት ምክንያት የለኝም።

በየዓመቱ ሌሎች ዝዮች በከተማው ላይ ሲያልፉ መስኮት ከፍታ ትቆማለች። «እስቲ እንደዚያ ቀን ጥራኝ» ትለኛለች። ማህሌትዬ እላታለሁ፣ የቻልኩትን ያህል አሳምሬ። ራሷን ዘንበል አድርጋ ትሰማለች፣ የሆነ ነገር እንደምታነጻጽር፣ ከዚያ ፈገግ ብላ «ያ» ትለኛለች።

ባለፈው ሚያዝያ ወጥ ቤት ቁጭ ብዬ እራቴን እየበላሁ ነበር፣ አፌ ሙሉ ነው፣ እሷ መኝታ ቤት ልብስ ታጥፋለች፣ ውጭ ምንም ድምፅ የለም፣ ጆሮዬን አቁሜ ነበር፣ ምንም።

«ወዬ» አለች።

ሹካዬን እንደያዝኩ ቀረሁ። ፊቷ እንደበራ በሩ ላይ መጥታ ቆመች።

«ጠራኸኝ?»

«ታዲያ ማን ይጠራሻል?» አልኳትና ተነስቼ የመኝታ ቤቱን መስኮት ልዘጋ ሄድኩ። ዝግ ነበር። ቆሜ ሳየው አስነጠሰኝ።